ከማስቲካው ወረቀቱ

ዕድሜው ስልሳን የተሻገረ አሜሪካዊ ወንድ ስለ ልጅነቱ ማውራት ከጀመረ ወሬው ዞሮ ዞሮ እናቱ ላይ ያርፋል። እናቱ ደግ ነበረች፤ ባለሙያ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና አንድ በደል ግን ሠርታበታለች። ኮሌጅ ሲገባ ወይም ውትድርና ሲሄድ ክፍሉን አጸዳለሁ ብላ፣ አልጋው ሥር የነበረውን የጫማ ካርቶን አውጥታ ከቆሻሻው ጋር ሸኝታዋለች። ካርቶኑ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች ነበሩ። «ዛሬ ቢኖሩ ኖሮ…» ይልና ዝም ይላል። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ጎረቤቴ ይህንኑ ሲያጫውተኝ እንባ አቅርሮ ስለነበር፣ ያዘነው ለእናቱ መስሎኝ «እግዜር ያጥናህ» ብዬዋለሁ።

ካርዱን አይታችሁት ለማታውቁ፣ መዳፍ የማይሞላ፣ ሁለት ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች የሆነ ጠንከር ያለ ወረቀት ነው። ፊቱ ላይ የተጫዋቹ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ ስንቴ እንደመታና ስንቴ እንደሳተ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የሒሳብ መዝገብ አለበት። ሲጀመር ለብቻው የሚሸጥ ነገር አልነበረም፤ ምርቃት ነበር። በ1880ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የአሜሪካ ሲጋራ ፋብሪካዎች ፓኬቱ እንዳይጨማደድ ውስጡ የሚሸጉጡትን ካርቶን ባዶውን ከሚሄድ ብለው ሥዕል አተሙበት። ኋላ ደግሞ ማስቲካ ሻጮች ሐሳቡን ወረሱት። ማስቲካው ሮዝ ቀለም ያለው ጠፍጣፋ ነገር ነበር፤ ከካርዱ ጋር አንድ ላይ ስለሚታሸግም ዕድፉን እየጣለበት ሰብሳቢዎቹን ሲያማርር ኖሯል። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማስቲካውን ከፓኬቱ አስወጣው። ለማስቲካው ያለቀሰ የለም። የቀመሱት እንደሚሉት ከካርቶኑ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነበር።

የእናቶቹ በደል በገንዘብ ሲተመን ስንት እንደሚደርስ ለማወቅ የሚኪ ማንትልን ካርድ ማየት ይበቃል። ማንትል የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ነበር። ቶፕስ በ1952 ያወጣለት ካርድ ቁጥሩ 311 ነው። የዚያን ዓመት ካርዶች የነደፈው ሳይ በርገር የሚባል የኩባንያው ሠራተኛ ሲሆን፣ ከአንድ ባልደረባው ጋር ብሩክሊን በሚገኘው ቤቱ፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሠራው። ማንትል ያለበት የመጨረሻው ዙር ገበያ የወጣው የቤዝቦሉ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነበር። የልጆቹ ልብ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ዞሯል፤ ባለሱቆቹም አንፈልግም አሉ። ካርዱ በካርቶን በካርቶን ሆኖ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ከረመ። በርገር አንዱን በአንድ ሳንቲም፣ ኋላም አሥሩን በአንድ ሳንቲም ልሽጥ ብሎ ሞከረ፤ የሚወስድለት ጠፋ። በ1960 መጋዘኑ ሲጠብ ግን ቆረጠ። ካርዱን በቆሻሻ መኪና አስጭኖ ወደ ጭነት ጀልባ አስገለበጠና አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስደፋው። ይህን የተናገረው እሱ ራሱ ነው። ሰው በሕይወቱ የሠራውን ሁሉ እንዲህ በግልጽ ቢያወራ ኖሮ የንስሐ አባቶች ሥራ በቀለለ።

ከዚያ ዕትም የተረፈ አንድ የማንትል ካርድ በኦገስት 2022 በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። ሻጩ በ1991 የገዛው በ50,000 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነገር አለ። የዚህ ንግድ ሰዎች ሲምሉ የሚምሉት በተጫዋቹ የመጀመሪያ ካርድ ነው፤ ዋጋ ያለው እሱ ነው ይሏችኋል። የማንትል የመጀመሪያው ግን ባውመን የሚባል ሌላ ኩባንያ በ1951 ያወጣው ነው። ብርቅነቱ ነው እንዳንል ደግሞ፣ ቁጥር 311 በማተሚያው ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ስለገባ ከዙር ጓደኞቹ ከአብዛኞቹ ይልቅ በእጥፍ የታተመ ነው። የመጀመሪያው አይደለም፤ ከሁሉ የጠፋውም አይደለም። ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ማንትል ነዋ!» ነው። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

በኔ ግምት ይህን ገበያ የፈጠረው ቶፕስም አይደለም፤ ጨረታ ቤቶቹም አይደሉም። እናቶች ናቸው። በርገር ባሕር ውስጥ የደፋው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እናቶቹ ግን ከኒውዮርክ እስከ ካሊፎርኒያ፣ ለሃያ ምናምን ዓመት፣ ሳይነጋገሩ፣ ሳይከፈላቸው፣ አልጋ ሥር እየገቡ ጠርገው አወጡት። ልጆቹም ቢሆኑ ረድተዋቸዋል። ካርዱን በልብስ መቆንጠጫ የብስክሌት ጎማ ሽቦ እንዲመታው አድርገው እያሰሩ ሲነዱት እንደ ሞተር ሳይክል ተር ተር ያሰኝ ነበር። የስንቱ ሰው የጡረታ ገንዘብ ተር ተር ሲል አልቋል!

ሁሉም ቢያስቀምጠውስ ምን ይሆን ነበር? እሱም ታይቷል። በ1980ዎቹ የድሮ ካርድ ውድ ሆነ የሚል ወሬ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ተናኘ፤ ካርድ ከአክሲዮን ይሻላል ተባለ። ያን ጊዜ እናቶች ተጸጽተው፣ አባቶች ነቅተው፣ አዲስ ካርድ በካርቶን እየገዙ ሳይከፍቱ ምድር ቤት ከመሩት። ለልጅ ኮሌጅ ይሆናል ተብሎ ነው። ኩባንያዎቹም ይህን ሲያዩ ማተሚያውን ሌት ተቀን አስኬዱት። ማንም አልጣለ፤ ማንም ብስክሌት ላይ አላሰረ፤ ጥግ የታጠፈ ካርድ ጠፋ። ዛሬ የዚያን ዘመን ካርዶች አሜሪካኖቹ ቆሻሻ ይሏቸዋል። ዶንረስ የተባለ ኩባንያ በ1990 ያወጣው ያልተከፈተ ካርቶን፣ ሠላሳ ስድስቱ ፓኬት እንዳለ፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክትፎ ከነቡናው አይከፍልም።

እዚህ ላይ የኛን እናቶች አሰብኩ። የኛ እናት ምን ትጥላለች? የዱቄት ወተት ጣሳ በርበሬ ይያዝበታል። የብስኩት ቆርቆሮ መርፌና ክር ነው፤ እንግዳ ልጅ ብስኩት መስሎት ከፍቶ ሲያዝን ማየት የኖርንበት ነው። የዘይት ጀሪካን ዘይት ያለቀበት ቀን ሁለተኛ ሕይወቱን ይጀምራል። ያለፈው ዓመት ካላንደር ደብተር ይለበድበታል። ፌስታል በፌስታል ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ፌስታሉ ብቻ ነው። ማንትል ያደገው ኦክላሆማ ሳይሆን ጉለሌ ቢሆንና ካርዱም የታተመው ለኛ ሰፈር ልጆች ቢሆን ኖሮ፣ አንድም ሳይጎድል ዛሬ ድረስ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነበር፤ ዋጋውም ስሙኒ።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ወዳጄ ነው። ደለስ አየር ማረፊያ አካባቢ በመኪናው ሰው ያመላልሳል። መሬት ሲሉት መሬት፣ ቢትኮይን ሲሉት ቢትኮይን ያለ፣ ዕቁብ ደርሶት የማያውቅ እንጂ ዕቁብ ሳይጥል የቀረበት ቀን የሌለ ሰው ነው። ከአየር ማረፊያው ትንሽ አለፍ ብሎ ሻንቲሊ የሚባል ከተማ አለ፤ እዚያ ያለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የካርድ ባዛር ይካሄዳል። አንድ ቅዳሜ ወዳጄ ወደዚያ የሚሄድ ተሳፋሪ ጫነ። ሰውየው ትንሽ ሻንጣ ይዟል። ወዳጄ ተቀብሎ ኋላ ሊያስቀምጥለት ሲል እጁን ገፋው፤ ሻንጣውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ገባ። «ምን ይዘሃል?» ሲለው «ካርድ» አለው። ወዳጄ የባንክ ካርድ መስሎት ከዚያ ወዲያ እጁን መሪው ላይ፣ ዓይኑን መስተዋቱ ላይ አድርጎ ነዳ። ሰውየው ግን መንገዱን ሙሉ ሰበከው፤ ሲወርድ ወዳጄም አብሮ ወረደ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስልክ ሲደውልልኝ ሰላምታው ተቀይሯል። «ጥጉ ስል ነው፤ መሐሉ ግን ትንሽ ወደ ግራ ሸሽቷል» ይለኛል፤ ስለ ካርድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ካርድ ብቻውን ካርድ አይደለም፤ ዳኛ ያስፈልገዋል። ከዳኞቹ ትልቁ ፒኤስኤ የተባለው፣ በ1991 ሥራ የጀመረ ድርጅት ነው። ካርዱን በፖስታ ትልኩላቸዋላችሁ፤ ይከፈላቸዋል፤ ጥጉን፣ ጠርዙን፣ ገጹን፣ ሥዕሉ መሐል መቀመጡን በማጉያ መነጽር አይተው ከ1 እስከ 10 ውጤት ይሰጡና በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ይመልሳሉ። በ10 እና በ9 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይታይም፤ በኪስ ግን ይታያል። ፍሊር የተባለ ኩባንያ በ1986 ያወጣው የማይክል ጆርዳን ካርድ 10 ሲያገኝና 9 ሲያገኝ ያለው የዋጋ ርቀት ወደ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ወዳጄ ልጁ ከትምህርት ቤት 90 ይዞ ሲመጣ «ጎበዝ» ይል የነበረ ሰው ነው፤ አሁን «አሥሯ የት ሄደች?» ማለት ጀምሯል።

ዳኞቹስ? ፒኤስኤ ሲቋቋም የመጀመሪያውን ውጤት የሰጠው ለሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ዋግነር የፒትስበርግ ተጫዋች ነበር፤ ካርዱ ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይወጣ ከነበረው፣ ሰብሳቢዎች ቲ206 ከሚሉት ስብስብ ነው። ዋግነር ሥዕሌ አይውጣ ብሎ ስለከለከለ ማተሙ ወዲያው ተቋረጠ። አንዳንዱ ሕፃናት ሲጋራ እንዳይለምዱ አስቦ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ገንዘብ ስላልከፈሉት ነው ይላል። ዋግነር ራሱ ትምባሆ ያላምጥ ስለነበር ክርክሩ ገና አልተቋጨም። የሆነ ሆኖ፣ የሆኪው ንጉሥ ዌይን ግሬትዝኪ ከአንድ ሸሪኩ ጋር በ1991 ይህን ካርድ በ451,000 ዶላር ገዛ፤ ፒኤስኤም 8 ሰጠው። ለእንዲህ ያለ ሽማግሌ ካርድ 8 ተአምር ነው። ካርዱ ኋላ የሎተሪ ዕጣ ሆኖ ለአንዲት የፍሎሪዳ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ወጣላት፤ የግብሩ ነገር ስላልተቻለ ብዙም ሳይቆይ ሸጠችው። በ2007 ዋጋው 2.8 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው ታዋቂ የካርድ ነጋዴ ፍርድ ቤት ቀርቦ የዚያን ካርድ ጠርዝ ቀደም ሲል እኔ ከርክሜዋለሁ ብሎ አመነ። ተአምሩ መቀስ ነበር ማለት ነው። ማስትሮ በጨረታ ቤቱ በሠራው ማጭበርበር 20 ወር ተፈረደበት። ወዳጄ ይህን ስነግረው «እና 8 ሰጡት አይደል?» አለኝ፤ የሚደነቀው በመቀሱ አያያዝ ነው።

አንድ ቀን ባዛሩን ላሳይህ ብሎ ወሰደኝ። አዳራሹ በጠረጴዛ ረድፍ ተሞልቷል፤ ነጋዴዎቹ ኮፍያ ያደረጉ ጎልማሶች ናቸው፤ ገዢዎቹም ኮፍያ ያደረጉ ጎልማሶች ናቸው። ልጆችም አሉ፤ እነሱ ግን ፖኬሞን ጋ ናቸው፤ ሒሳባቸው ከአባቶቻቸው የፈጠነ ነው። ወዳጄ ያይ የነበረው የማንትል የ1969 ካርድ ነው፤ ቶፕስ በተጫዋችነቱ ዘመን ያወጣለት የመጨረሻው። ቀረብ ብዬ አየሁት። ጥጎቹ ተልጠው እንደ ጥጥ ሆነዋል፤ ኮፍያው ላይ የታጠፈ መስመር አልፎበታል፤ ጀርባው ሮዝ ነው። የዚህ ካርድ ጣጣው የአባት ስሙ የተጻፈበት ቀለም ነው። አብዛኛው ላይ «ማንትል» የሚለው በቢጫ ነው፤ ጥቂቱ ላይ ግን በነጭ ስለወጣ ነጩ ብዙ እጥፍ ይከፈልበታል። ወዳጄ ካርዱን ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ «ይሄ ነጭ አይደለም?» አለኝ። የእንቁላል አስኳል እንኳ ያን ያህል ቢጫ አይሆንም።

ውጤቱ 3 ነበር፤ ሰውየው 400 ዶላር አለ።

«የመጨረሻውን ንገረኝ» አለው ወዳጄ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁ ግን መርካቶ ነው።

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ባለፈው ወር ተመሳሳዩ በስንት እንደተሸጠ አሳየው። ወዳጄ ሁለት መቶ አለ። ሰውየው ፈገግ አለ። ወዳጄ ያን ጊዜ አባቶቻችን ያስተማሩንን ሥራ ሠራ፤ ካርዱን በቀስታ አስቀመጠ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ትቶ ሄደ። «ዞር እንዳትል፤ ይጠራናል» ብሎኝ ቀስ እያልን ተራመድን። ማንም አልጠራንም። አዳራሹ ጫፍ ደረስን፤ መጸዳጃ ቤቱን አለፍን፤ የሚጠራ የለም። አዳራሹን ሙሉ ዞረን ተመልሰን ስንመጣ ሰውየው ሳንድዊቹን እየበላ ነው፤ መሄዳችንንም አላወቀ። ወዳጄ ሦስት መቶ ዘጠና ከፍሎ ወሰደው፤ አሥሯን ያስቀነስኩ እኔ ነኝ እያለ እስካሁን ያወራታል።

ካርዱ ዛሬ የት እንዳለ ሚስቱን ጠይቁ። ቡና ስታፈላ ስኒ ማስቀመጫ አድርጋዋለች፤ ፕላስቲኩ ጠንካራ ነው፣ ሙቀት ይችላል ትላለች። «ኢንቨስትመንት እኮ ነው!» ሲላት፣ «ታዲያ መቼ ነው የሚሸጠው?» አለችው። «አሁንማ አይሸጥም፤ ገና ይጨምራል።» «ሲጨምርስ?» «ሲጨምርማ ማን ይሸጣል!» ክርክሩን ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከማንም የገንዘብ አማካሪ የተሻለ ትምህርት ነው። በጃንዋሪ 2021 ያ የጆርዳን 10 ያገኘ ካርድ 738,000 ዶላር ተሸጦ ነበር። ወረርሽኙ ሰውን ቤት አስቀምጦት፣ ልጅነቱን ከጣራው ሥር እያወረደ የሚያይበት ጊዜ ነው። ፒኤስኤ ላይ ሚሊዮን በሚሊዮን ካርድ ተቆልሎ አዲስ መቀበል እስከ ማቆም ደረሰ። ታርጌትም ዊስኮንሲን ባለ አንድ ሱቁ መኪና ማቆሚያ ላይ ሰዎች በካርድ ተደባድበው ሽጉጥ ከተመዘዘ በኋላ ካርድ በሱቅ መሸጥ ለጊዜው አቆመ። ግርግሩ ሲበርድ የዚያው የጆርዳን ካርድ ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ። አተረፍኩ ያለ ደግሞ መንግሥትን አይርሳ፤ ከአክሲዮን ትርፍ በተለየ ከእንዲህ ያለ ስብስብ ትርፍ ላይ እስከ 28 በመቶ ግብር ይጠየቃል።

ወዳጄ ከማንትል ቀጥሎ የገዛው ያልተከፈቱ ካርቶኖችን ነው። የ1990 መሆናቸውን አይቶ «ከሠላሳ ዓመት በላይ! ፕላስቲኩ እንኳ አልተነካ!» አለ። እኔ ስለ ቆሻሻው ዘመን ሳስረዳው ቀድሞ ከፍሎ ነበር። ቤቱ ቦታ የለም ብላ ሚስቱ ስላባረረቻቸው ካርቶኖቹ እኔ ጋራዥ ውስጥ ከረሙ፤ እናቴ ከአዲስ አበባ እኔን ለመጠየቅ የመጣችውም እነሱ እያሉ ነው።

ስለ እናቶች ያለኝን ሐሳብ ለወዳጄ ቀድሜ አጫውቼው ነበርና፣ ሊጠይቃት ሲመጣ «እማማ፣ እባክዎ እነዚህን ካርቶኖች ይጣሉልኝ» አላት። «የእናት እጅ ካልጣለው ዋጋ አያወጣም ተብሏል።»

«እኔ? ይህን የመሰለ ደህና ካርቶን?» አለችው። አንዱን ፓኬት ከፈተችና ካርዶቹን በተራ እያነሣች ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየች። «እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው?»

«ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ እማማ።»

«ዱላ ይዘው?»

«በዱላ ነው የሚጫወቱት።»

ትንሽ ዝም አለች። «እናት አባት ያላቸው ሰዎች ናቸው። የሰው ፎቶ አይጣልም፤ ነውር ነው» ብላ ፓኬቱን መልሳ አጣጥፋ አስገባችው።

ስትመለስ ሻንጣዋን እኔ ነኝ የተሸከምኩላት፤ ክብደቱ አልገባኝም ነበር። ደለስ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ተኩል በለጠ። ከፍተን ስናይ፣ ከልብሶቿ ሥር ያ ሁሉ የ1990 ተጫዋች በፌስታል በፌስታል ሆኖ ተደርድሯል። ለሰፈሩ ልጆች ነው አለችኝ፤ ጀርባው ላይ ቁጥር ስላለ ሒሳብ ይማሩበታል። አውጪው ብላት አልሰማ አለች። እጇን ከሻንጣው ጥግ ሰዳ፣ ባለፈው ሳምንት የገዛሁላትን ጥቁር ጫማ ከነካርቶኑ አወጣችና አስታቀፈችኝ።

«ይሄን በሰው ላክልኝ» አለች። «ካርቶኑን እንዳትጥለው።»